ቃሉ የተገባው ለማን ነው?

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ ልዩ እትም ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሌሎች ባልደረቦቼ በሰፊው ጽፈዋል። እኔ እንድጽፍ የታዘዝኩት ስለ ታሪክ ነው። ዩኒየኑ ስንት መሠረታዊ ማኅበራት ይዞ እንደተነሣና ካፒታሉ ከስንት ተነሥቶ ስንት እንደደረሰ በሒሳብ ክፍሉ ሪፖርት ውስጥ ስላለ አልደግመውም። ይልቁንስ ባለፈው ዓመት የሰማሁትንና እስካሁን ከራሴ ያልወጣውን አንድ ጥያቄ ላጫውታችሁ።

እንደሚታወቀው በወረዳችን ከተማ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች የድል በዓል በሐውልቱ ዙሪያ ይከበራል። ጎፈርና ለምድ ለብሰው፣ ጋሻና ጦር ይዘው የሚፎክሩት ዛሬ አርበኞቹ ራሳቸው ሳይሆኑ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት ኒሻናቸውን ደርድረው ከፊት ይቀመጡ የነበሩትን አባቶች አንድ በአንድ ሸኝተናቸዋል። ጉንጉን አበባ ይቀመጣል፣ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፣ ንግግር ይደረጋል፤ በመጨረሻም ሕዝቡ ቆሞ ቃል ኪዳን ይገባል። ባለፈው ዓመት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከአጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ አሁን ቃል የገባችሁት ለማን ነው?» አሉኝ። «ለሀገር ነው እማማ» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እሱማ ሰማሁ። ሀገር ማለት እዚህ ውስጥ ማን ነው ብዬ ነው» አሉና ወደ ሐውልቱ አመለከቱኝ። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹት የጦር አለቆች ስሞች ናቸው። የእኚህ ሴት እናት በጠላት ዘመን በውሃ እንስራ ውስጥ በሶ ደብቀው ወደ ገደል ይወርዱ እንደነበር፣ አባታቸውም ስንቅ ታቀብላለህ ተብለው ቤታቸው እንደተቃጠለ ያጫወቱኝ በዚያው ዕለት ነው። የሁለቱም ስም በሐውልቱ ላይ የለም።

ዘንድሮ ደግሞ ጥያቄው ሥራ ሆኖ መጣብኝ። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ዩኒየናችን የሐውልቱን አጥር በማደስ እንዲተባበር፣ ቃል ኪዳኑንም ከገበሬ አባሎቻችን አንዱ እንዲያነብ ጠየቀ። ቦርዱ ሁለቱንም በደስታ ተቀበለ። ቃል ኪዳኑን የማርቀቁ ሥራ «አንተ የታሪክ መምህር ነበርክ» ተብሎ በእኔ ላይ ወደቀ። አንድ ምሽት ይበቃኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ለናሙና እንዲሆነኝ ከልዩ ልዩ ሰዎች ያገኘኋቸው የቆዩ ጽሑፎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በንጉሡ ዘመን በእጅ የተጻፈ ሲሆን ቃሉን የሚሰጠው ለዙፋኑና ለሰንደቅ ዓላማው ነው። ሁለተኛው በደርግ ዘመን በታይፕ የተመታ ነው፤ ቃሉ ለአብዮቱ ነው። ሦስተኛው በኮምፒዩተር የተጻፈ ሲሆን ድህነትን ስለማሸነፍና ስለ ልማት ይናገራል። የበዓሉ ቀን እንኳ ተለዋውጧል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በመሆኑ በዘመናቸው በዓሉ የሚከበረው በዚሁ ቀን ነበር። ደርግ ግን የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ይህም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ቀኑም ቃሉም ይህን ያህል ሲለዋወጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር አየሁ፤ በሦስቱም ጽሑፎች ቃል የሚገባው ከታች ያለው ሕዝብ ነው፣ የሚቀበለው ደግሞ መድረክ ላይ ያለው ነው። ከመድረኩ ወደ ሕዝቡ የሚወርድ ቃል በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

በእኛ ገበሬዎች ዘንድ ቃል እንደዚህ አይደለም። በሬ ስንሸጥም ሆነ መሬት በእኩል ስናርስ፣ ልጅ ስንድርም ሆነ ስንታረቅ፣ ቃል የሁለት ወገን ነው። እማኝ ይቀመጣል፣ ዋስ ይጠራል። አንዱ ብቻ ተናግሮ ሌላው ዝም ቢል ውል ተዋውለናል የሚል የለም። ስለዚህ አርበኞቹ ራሳቸው በጫካ ሳሉ የተማማሉት ቃል ምን ይመስል እንደነበር መመልከት ነበረብኝ።

ከዚያ በፊት የነበረው የጦርነት ቃል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ለምሳሌ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት የክተት አዋጅ በማርያም ስም ምለው፣ የሚችል ሁሉ እንዲከተላቸው፣ የማይችልም በጸሎቱ እንዲረዳ፣ የቀረ ግን አማላጅ እንደማያድነው አስጠንቅቀዋል። ሕዝቡም ተከተላቸውና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ። ንጉሥ ይጠራል፣ ባላባት ያስከትላል፣ ገበሬ ስንቁን ይዞ ይዘምታል። ዘማች በሚያልፍበት መንገድ ያለው ገበሬ ደግሞ ይጎዳል። ወታደር በገበሬ ቤት ተሰሪ ሆኖ መብላቱ የሀገራችን የቆየ ችግር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደራቸውን በደመወዝ ለማኖርና ከዘረፋ ለማራቅ የሞከሩትም ይህንኑ አይተው ነበር፤ አልዘለቀላቸውም እንጂ።

በ1928 ዓ.ም. ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ተበጠሰ። ጣሊያን በመስከረም 22 ቀን ወረራውን ጀመረ፤ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፣ በሦስተኛው ቀን ጠላት ገባ። ከማይጨው በእግሩ የተመለሰው ገበሬ ወታደር እንግዲህ ለማን ነው ቃሉ? የጠራው ንጉሥ በሀገር የለም። ብዙ መኳንንት ገብተዋል። ያን ጊዜ ሰው «ቃሌ ከንጉሡ ጋር ሄዷል» ብሎ ሞፈሩን ይዞ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ግን ያልተቀመጡ ነበሩ። እዚሁ በእኛ ሰሜን ሸዋ ኃይለ ማርያም ማሞ ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ በዋዜማው፣ ሚያዝያ 26 ቀን፣ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጫጫ ላይ ወራሪውን ገጥመውታል። እኚህ ሰው «የጦሩ ገበሬ» በሚለው ስም ይታወቃሉ። ዛሬ በስማቸው የተሰየመው የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ብዙ የእኛን ልጆች አስተምሯል፤ ስንቶቹ ይህን ስም እንደሚያውቁ ግን እንጃ። ራስንና ደጃዝማችን በመሰሉ ማዕረጎች መካከል ገበሬ የሚል ቃል የጀግና መጠሪያ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ፊታቸው ሲበራ አይ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ ተረሸኑ። ጠላት የጠየቃቸው አርበኞችን እንዲያወግዙና ለጣሊያን መንግሥት እንዲገዙ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ። ግዝት ለእኛ ሕዝብ ከአዋጅ የበለጠ ነገር ነው። ንጉሥ ሲሄድ የተፈታው ቃል በእኚህ አባት እንደገና ታሰረ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የታሰረው ለአንድ ሰው ታማኝ በመሆን ሳይሆን ለጠላት ባለመገዛት መሆኑ ነው። ሰው በየደብሩ ወንጌል እየመታ፣ ሙስሊሙም በቁርአኑ እየማለ ጫካ የገባው በዚህ ዓይነት ነው።

ከእነዚህ መሐላዎች አብዛኞቹ በአፍ የቀሩ ናቸው። በጽሑፍ ከተቀመጡት መካከል የጥቁር አንበሳ ማኅበር ደንብ ይገኝበታል። ይህ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በወለጋ የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። መሪው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሲሆኑ፣ በኋላ ራስ እምሩን የበላይ አድርገዋል። በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነዚህ ናቸው። ደንባቸው አሥር አንቀጾች ነበሩት። የጦሩ ክፍል ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ አባል ወደ ውጭ እንዳይሰደድ፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ይላል። ከእነዚህም ጋር ገበሬው እንዳይበደል ያዛል።

ይህን አንቀጽ ለተማሪዎች ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ነገር ግን ምን ያህል ከባድ መሆኑን የተረዳሁት ዘንድሮ ለቃል ኪዳኑ ስል እንደገና ሳነበው ነው። እስቲ አስቡት። ንጉሥ የለም፣ መንግሥት የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ጥይት የለም። ጠላት በአውሮፕላን ይፈልጋቸዋል። እንዲህ ባለ ቀን የሚጽፉት ደንብ ስለ ሞትና ስለ ጀግንነት ብቻ ቢሆን ማን ይደነቃል? እነሱ ግን ከአሥሩ አንዱን ገበሬውን ስላለመበደል አደረጉት። ለሀገር እሞታለሁ ማለት ለታጠቀ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። በርሃብ ቀን በታጠቀ እጅ የሰው ጎታ አለመድፈር ግን ያስቸግራል። ማኅበሩ ዕድሜው አጭር ሆነ። ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ደንቡ ግን ቀርቶልናል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አርበኛ ይህን ጠብቋል ማለት አይቻልም። አርበኝነትን ሽፋን አድርጎ የዘረፈ፣ ቂሙን የተወጣበት፣ ገበሬውን ሁለት ጊዜ ያስገበረ ነበር። በአንድ ቀዬ ቀን ጣሊያንና ባንዳ ይመጣል፣ ሌሊት አርበኛ ይመጣል። ገበሬው ለአንዱ ሲሰጥ በሌላው ይቀጣል። በእኛ በዓል ላይ ይህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ የአርበኞችን ክብር ይቀንሳል ተብሎ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የሚቀንሰው ዝምታው ነው፤ ምክንያቱም ሳይዘርፍ አምስት ዓመት የተዋጋውን ሰው ከዘረፈው ጋር አንድ ያደርገዋል።

ደግሞም ለአምስት ዓመት አርበኛውን ያቆየው ሌላ ምንም አልነበረም። ጥይት ከጠላት ይማረካል። እህል ግን ከጠላት አይማረክም፤ ቢማረክም አይበቃም። ጣሊያን ኢትዮጵያን የስንዴ ጎተራ አደርጋለሁ ብሎ ቢመጣም ለራሱ ወታደርና ሠራተኛ የሚሆነውን ስንዴ እንኳ ከባሕር ማዶ ያስገባ ነበር። አርበኛው የበላው በየጎጡ የተቆላውን ቆሎ፣ የተፈጨውን በሶ፣ የደረቀውን ድርቆሽ ነው። ይህን የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ የሚያደርሱት ሴቶች፣ እረኞችና ሽማግሌዎች ናቸው። በከተማም እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ያስተላልፉ ነበር። የሸዋረገድ ስም በታሪክ ገብቷል፤ በጣሊያን ሀገር ታስረው እስከመመለስ ደርሰዋልና። የበሶ ተሸካሚዎቹን ግን የጻፈ የለም።

የእነዚህ ሰዎች ቅጣት ከተዋጊው ያነሰ አልነበረም። ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በኋላ ራስ የተባሉት የአበበ አረጋይ ጦር ሲንቀሳቀስ ስንቁ፣ ቁስለኛው፣ ሴቶቹ፣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ዘረት በሚባለው ስፍራ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ተጠግተው ነበር። ጠላት ደረሰባቸውና ዋሻውን ከበበ። በጥይትና በመድፍ ማስወጣት ሲያቅተው የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ከጭሱና ከመርዙ ሸሽተው እጃቸውን ከሰጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ተሰልፈው ተረሸኑ። በውስጥ የቀሩት እዚያው ቀሩ።

ይህ ታሪክ በአካባቢው ሰው አፍ ሲነገር ቢኖርም ከመንዝ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ራሱ የተላላካቸውን ወረቀቶች ያገኘ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ዋሻው ድረስ ሄደ፤ አጥንቱም የቤት ዕቃውም እዚያው ነበር። ከስልሳ ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሌላው ሰማዕታችን ሁሉ በየዓመቱ ጉንጉን አበባ ሲቀመጥለት፣ የዘረት ሰዎች አጥንት ያለ መቃብር ቆየ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጨፈጨፉት በስድስት ኪሎ ሐውልት አላቸው፤ በግንቦት ወር በዚያው ዓመት በደብረ ሊባኖስ የተገደሉት መነኮሳትም በገዳማቸው ይታሰባሉ። ዘረት ላይ ያለቁት ግን ተዋጊም መነኩሴም ከተሜም አልነበሩም። ስንቅ ነበሩ፤ ጠላት እንኳ በወረቀቱ የጦሩ ጓዝ አድርጎ ነው የቆጠራቸው።

እነዚህ ሰዎች ወንጌል መትተው ምለው ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቅም። ቃሉን ግን ፈጽመውታል። አርበኛው «አልከዳችሁም» ብሎ ከሆነ የተናገረው ለእነሱ ነው። ስለዚህ እማማ በበዓሉ ቀን ላነሡት ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል፤ የአርበኛው ቃል የተገባው ላበላው ሰው ነው። ንጉሡ ባልነበሩበት በዚያ አምስት ዓመት «ሀገር» ማለት ይኸው ነበር፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ከፍቶ የሚያበላና ማን እንደበላ በማግሥቱ የማይናገር ሰው።

ድሉ ከመጣ በኋላ ቃሉ እንዴት ተጠበቀ? ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዞች እርዳታ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገቡ፤ በጎጃም አድርገው፣ አርበኞችን እየተገናኙ፣ በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሹመትና መሬት ተሰጠ። ለአርበኛም፣ ለስደተኛም፣ ለባለሥልጣንም ተሰጠ፤ ለጠላት አድሮ የነበረም ከሹመት አልቀረም የሚል ቅሬታ እስከዛሬ ይሰማል። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። ይህ ብዙ የተባለበት ስለሆነ አላስረዝመውም። ስንቅ አቀባዩ ግን ከቅሬታውም ውስጥ የለበትም። እሱ ወደ ግብሩ ተመለሰ።

ግብሩ ምን ያህል እንደከበደው በጎጃም ታየ። በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት የጎጃም ገበሬ አመፀ። ቆጣሪና ገማች መሬቴን አይረግጥም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአውሮፕላን ተደብቀው አርበኛ ያበሉ ሰዎች፣ ራሳቸው አርበኛ የነበሩም ሳይቀሩ፣ ከገዛ መንግሥታቸው አውሮፕላን ተሸሸጉ። በመጨረሻ ግብሩ ቀረ፣ አገረ ገዢውም ተነሡ። በዚያ ዘመን በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ቃል ኪዳን ይነበብ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ።

የእኛ የኅብረት ሥራ ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በደርግ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 138/1970 የተቋቋሙት የአምራቾች ማኅበራት፣ መልባና ወልባ የተባሉት፣ በስብሰባና በመፈክር የታጀቡ ነበሩ። ግራ እጁን ጨብጦ ያልማለ ገበሬ አልነበረም። እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይሰጣል፤ ልጁን ለጦርነት ይሰጣል፤ ማታ ቃል ይገባል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ እነዚያ ማኅበራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተበተኑ። በሬው ተከፋፈለ፣ መሬቱ ተሸነሸነ፣ በአንዳንድ ቦታም የቢሮው ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። በዚያን ጊዜ ገበሬውን ቃል አፍራሽ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ቃሉ መቼም እንዳልተገባ ነው የማምነው። ተገድዶ የማለ ሰው ምሏል አይባልም፤ ጣሊያንም በየአውራጃው ሰውን ሰብስቦ ያስምል ነበርና።

ዛሬ ያለንበት ማኅበር የተሠራው ከዚያ ትምህርት ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲወጣ የመጀመሪያው ቁም ነገር አባልነት በፈቃደኝነት መሆኑ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ይህንኑ አጽንቷል። አባል በፈቃዱ ይገባል፣ ዕጣ ይገዛል፣ በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ አለው፣ ኮሚቴውን ይመርጣል፣ ይሽራል። ወረቀቱ ላይ ስናየው ቃሉ የሁለት ወገን ሆነ ማለት ነው። አባሉ ምርቴን ለማኅበሬ አቀርባለሁ፣ የግብዓት ዕዳዬን እከፍላለሁ ይላል። ኮሚቴው ደግሞ ሚዛኑን አላጓድልም፣ ሒሳቡን አሳያለሁ፣ ማዳበሪያውን በወቅቱ አደርሳለሁ ይላል።

በተግባር ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዋጋ ሲወጣ ከመጋዘኑ በር ላይ አህያውን መልሶ ለነጋዴ የሚሸጥ አባል አለ። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር (ስሙን አላነሣም) በበዓሉ ዕለት ቃል ኪዳኑን በደመቀ ድምፅ ያነበበ የኮሚቴ ሰው ከወር በኋላ በሚዛን ማጉደል ተከስሶ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሲቆም አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ደምህን ማን ጠየቀህ? ኪሎውን ሙላ» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ እኔም ቤቴ እስክደርስ ስለዚያ ንግግር ሳስብ ነበር። በሐውልቱ ሥር ደም ለማፍሰስ ቃል እንገባለን፤ ከእኛ የሚፈለገው ግን ብዙውን ጊዜ ኪሎ መሙላት ነው። ጥቁር አንበሶች ገበሬውን አትበድል ሲሉ ያሰቡት ይህንን የመሰለ ተራ ነገር ይመስለኛል።

ስለዚህ ያረቀቅኩት ጽሑፍ ከተለመደው በሁለት ነገር ይለያል። ይህንንም ለበዓሉ ኮሚቴ ከማቅረቤ በፊት አባላት እንድታዩት ቦርዱ ፈቅዶልኛል።

አንደኛ፣ ቃሉን መጀመሪያ የሚያነበው ገበሬ አይሆንም። የወረዳው አስተዳደር ኃላፊዎችና የዩኒየኑ ቦርድ አባላት ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይቆሙና ላበላቸው ሰው ቃል ይገባሉ። ንብረቱን በሕግ እንጂ በጉልበት እንደማይወስዱ፣ ሚዛኑን እንደማያጓድሉ፣ አቤቱታውን ሰምተው እንደሚመልሱ ይናገራሉ። ከዚያ ሕዝቡ በፈቃዱ ይመልሳል፤ ያልፈለገ ዝም ይላል። ይህን ሐሳብ ሳቀርብ አንድ ኃላፊ፣ «ይኼ እኮ በዓሉን ወደ ግምገማ መለወጥ ነው» ብለውኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። በዓል ላይ ሰው መደሰት አለበት፤ ፉከራውም ሽለላውም እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ንባብ በዓል አያበላሽም። ውሳኔው የኮሚቴው ስለሆነ ውጤቱን ወደፊት እናያለን።

ሁለተኛው ስሞችን የሚመለከት ነው። የሐውልቱ አጥር ሲታደስ በስተጀርባው ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። እዚያ ላይ በወረዳችን ስንቅ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ የደበቁ፣ በዚህም ምክንያት ቤታቸው የተቃጠለ ወይም የተገደሉ ሰዎች ስም እንዲጻፍ ዩኒየኑ ወጪውን ለመሸፈን ተስማምቷል። የሚያስቸግረው ስሞቹን ማግኘቱ ነው። አይተው የሚናገሩ ሰዎች አልፈዋል፤ የቀሩት ከእናት ከአባታቸው የሰሙ ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በራሳቸው ስም ሳይሆን የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት እየተባሉ ነው የሚታወሱት፤ የእነሱን ትክክለኛ ስም ማግኘት የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል።

እስካሁን የደረሱኝ ስሞች በአንድ የደብተር ገጽ ያልቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእማማ እናትና አባት ናቸው። የእናታቸውን የክርስትና ስም ጭምር ነግረውኛል፤ እንስራዋንም አሁን ድረስ አላወጧትም፣ ቤታቸው ጓዳ አለች። ስም የምታውቁ አባላት በየመሠረታዊ ማኅበራችሁ ጽሕፈት ቤት ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ማን እንደነገራችሁና የትኛው ጎጥ እንደሆነ ይጻፍ፤ ቢቻል ሁለት እማኝ ይኑር። ከቆላው በኩል ካሉት ማኅበራት ገና አንድም ስም አልመጣም።